ወደ ግራ የማይሄደው ብዕር

ብዕሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። የምጽፈው ስለማደንቃቸው ሁለት ሰዎች ስለሆነ፣ አንባቢ በስህተት እኔንም ከነሱ ጋር እንዳይቆጥረኝ ብዬ ነው።

ብዕሩ የአባቴ ነው። ጥቁር፣ ወገቡ ላይ ቢጫ ቀለበት ያለው፣ ከጠርሙስ ቀለም የሚጠጣ የቀለም ብዕር። ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። አባቴ ደሴ ውስጥ አማርኛ ሲያስተምር ኖሮ በጡረታ የወጣ መምህር ነው። ለደብተር እርማትም፣ ለፊርማም፣ ለአስቤዛ ዝርዝርም የሚጠቀመው ተራ ቢክ እስክሪብቶ ነበር። የቀለም ብዕሩ ግን ለአንድ ሥራ ብቻ ተለይቶ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ልጆች ሳለን መሳቢያውን መክፈት ቀርቶ አጠገቡ መቆም ያስቆጣው ነበር።

እኔ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት ቧንቧ ውሃ ከሚባለው የደሴ ሰፈራችን ወጥቼ ሚኒባስ እይዝና የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዝኩ እወርዳለሁ። ደሴ ላይ እስከ አንገቴ የቆለፍኩትን ጃኬት ኮምቦልቻ ስደርስ አውልቄ ክንዴ ላይ አንጠለጥለዋለሁ። በዚያ ሰሞን የመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ኃላፊ ሆኜ ተሾምኩ። ከሦስት ሠራተኞችና አቧራ ከጠገቡ መደርደሪያዎች በላይ የማላዝበት ሹመት ነው፤ እኔ ግን የሚኒስትር ያህል አሳበጥኩት። የመጀመሪያዋን ደብዳቤ በአባቴ ብዕር ካልፈረምኩ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። አባቴ ጁምዓ ጁምዓ በዚያ ብዕር እንደማይጽፍ ስለማውቅ፣ ጁምዓ ጠዋት መስጊድ ሳለ ከመሳቢያው አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ፈረምኩ። ያምር ነበር፣ አልዋሽም። ባልደረቦቼ “እስቲ ልየው፣ እስቲ ልየው” እየተባባሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሉት፣ እኔው ራሴ ልረከባቸው ስል ከጣቴ አመለጠና በጫፉ ሲሚንቶው ላይ ወረደ። አንዷ አንስታ አገላብጣ አየችውና “አልተሰበረም እኮ፣ ምን ያስጮህሻል?” አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አልተሰበረም። የብዕር ጫፍ ከመሃሉ የተሰነጠቀ ቀጭን ብረት ነው፤ ቀለሙ የሚወርደው በስንጥቁ ነው። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ካሉት ሁለት ጥርሶች አንደኛው ተጣሞ ወደ ላይ ቀና ብሎ ነበር። ከጤፍ ፍሬ የማይበልጥ ነገር ነው። ቶሎ ክዳኑን ገጥሜ ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት።

ብዕሩ ለምን እንደዚያ እንደሚጠበቅ ልንገራችሁ። የአባቴ አባት ደጋን አካባቢ የኖሩ ሸኽ ነበሩ። መንዙማና ዱዓ ይደርሱ ነበር። የደረሱትን በአጀሚ ጻፉት፤ አጀሚ ማለት አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ መጻፍ ነው። ያ ደብተር ዝናብ ገብቶበታል፣ ጠርዙን አይጥ በልታዋለች፣ ወረቀቱ ጠይሟል። ፎቶ ኮፒ ስናስደርገው ድፍን ጥቁር ሆኖ ወጣ። በስልኬ ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ ፎቶውን የሚያነበው ግን ያው አባቴ ብቻ ነው። አያቴ ፊደሎቹ ላይ ነጥብ ማድረግ አይወዱም፤ የሚበዛውን ቃል ደግሞ ራሳቸው በሚያውቁት መንገድ ያሳጥሩታል። አጀሚ የሚችሉ ሁለት ሰዎች ሞክረውት ይቅርታ ጠይቀው መለሱልን። እኔማ ቁርኣን ቤት ገና ከአሊፍ ብዙም ሳልርቅ አጥር ዘልዬ ያመለጥኩ ነኝ።

አባቴን ደግሞ የዓይን ግፊት ይዞታል። ሐኪሙ “የሄደውን አንመልሰውም፣ የቀረውን ነው የምንጠብቀው” ብሎታል። የቀረውም ከዳር ከዳሩ እየጠበበ ነው። ስለዚህ አባቴ ዓይኑ ሳይጨልም የአባቱን ደብተር በንጹሕ ደብተር ላይ ገልብጦ ሊጨርስ ቆርጦ ተነሳ። እሱ ካልገለበጠው አያቴ የደረሱት ሁሉ ከሱ ዓይን ጋር ሊጠፋ ነው። በቢክ ሞክሮ ነበር፤ መስመሩ ቀጭንና ፈዛዛ ስለሚሆንበት የጻፈውን ራሱ ማየት አቃተው። የቀለም ብዕሩ ግን ወፈር ያለ፣ እርጥብ፣ ጥቁር መስመር ስለሚያወጣ እሱን ያየዋል። ጠዋት ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት፣ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ፣ ጠረጴዛውን ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ ይጽፍ ነበር። እኔ ብዕሩን በጣልኩበት ቀን አሥራ አንድ ቅጠል ቀርቶታል።

እነግረዋለሁ እያልኩ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር እያጠናሁ ሐረጎን ወጣሁ። ደሴ ስደርስ ወኔዬ ሐረጎ ላይ ቀርቶ ነበር። አባቴ ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ ብዕሩን መሳቢያው ውስጥ መልሼ ወጥ ልሠራ ገባሁ።

በማግስቱ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ቁጭ አለ። ቢስሚላህ ብሎ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ብዕሩ ወረቀቱን ቧጠጠና ትልቅ የቀለም ጠብታ ተፋ። ወረቀቱን ቀየረ። አሁንም ቧጠጠ። ሦስተኛ ሲሞክር እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። ብዕሩን አስቀመጠና ቀኝ እጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አገላብጦ አየው። ልብ በሉ፣ ያየው ብዕሩን አይደለም፣ እጁን ነው። “እጄም ዓይኔን ተከተለ” አለ ቀስ ብሎ።

ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። አልተናገርኩም። ፈራሁ፣ አፈርኩ፣ ነገ እላለሁ አልኩ። እንዲህ እያልኩ ሦስት ቀን አለፈ። አባቴ በየቀኑ በሰዓቱ ይቀመጣል፣ አንድ ሁለት መስመር ይታገላል፣ ይነሳል። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ምንም ያልቀረኝ ሴት፣ ማታ ማታ ምግብ ሳቀርብለት ዓይኑን ላለማየት ሳህኑን አያለሁ።

በአራተኛው ቀን ግማሽ እውነት ይዤ ቀረብኩ። “አባዬ፣ ምናልባት ጫፉ አርጅቶ ይሆናል። ስጠኝና ላሳየው።” በአዲሱ ሹመቴ ለራሴ ፈቃድ ሰጥቼ ፒያሳ አካባቢ ያሉትን የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች አንድ በአንድ ዞርኩ። አንዷ ሻጭ ሳቀችብኝ፤ “ጫፉን ለብቻ? እህቴ፣ እኛ የምንሸጠው ከነነፍሱ ነው” አለችኝ። ከነነፍሱም ገዛሁ፤ በሚያብረቀርቅ ሳጥን የመጣ አዲስ ብዕር። አባቴ አንድ መስመር ጻፈበትና ወረቀቱን አፍንጫው ድረስ አስጠጋው። “ጥሩ ብዕር ነው” አለ፣ “ለወጣት ዓይን።” ቅር እንዳይለኝ ብሎ በጥንቃቄ ሳጥኑ ውስጥ መልሶ አስተኛው።

ያቺው የሳቀችብኝ ሻጭ ናት ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር ሰዓት የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ የቀለም ብዕር ሲያዩ ደስ ይላቸዋል ብላ የላከችኝ። በማግስቱ ጠዋት በሰውና በሸክም መሃል እየተጋፋሁ አገኘኋቸው። ሱቃቸው ከጨርቃ ጨርቅ መደብር ጎን የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው የማትይዝ ናት። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከኮታቸው በላይ ነጠላ የደረቡ፣ አንገታቸው ላይ ጥቁር ማተብ ያሰሩ ሽማግሌ ናቸው። ሰዓት ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚሰኩትን ማጉያ ሳያወልቁ “ምን አመጣሽ ልጄ?” አሉኝ።

ብዕሩን ተቀብለው በሁለት ጣት ሚዛኑን ያዩ ይመስል ከፍ ዝቅ አደረጉት። ቀለሙን በውሃ አጠቡት። ጫፉን በቁራጭ ጎማ ጠቅልለው ይዘው ቀስ ብለው ሳቡና አወጡት። ማጉያቸውን አስጠግተው አዩና “ወድቋል” አሉ።

“አዎ፣ እኔ ነኝ የጣልኩት” አልኩ። ለማያውቁት ሰው መናገር እንዴት ቀላል ነው።

“መቀየርም ይቻላል።” የቆርቆሮ ጣሳ ከፍተው ባለቤቶቻቸው ትተዋቸው ከሄዱ ብዕሮች የተለቀሙ ጫፎች አሳዩኝ። ሁለቱ ልክ የሚሆኑ ነበሩ። “ግን ይቺ የሰው እጅ ለምዳለች። ስንትና ስንት ዓመት ተጽፎባታል። አዲሷን እንደገና እስኪያለምዱ…”

“አባቴ ጊዜ የለውም” አልኳቸውና ስለ ዓይኑ ነገርኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። “ምን ነበር ሥራቸው?”

“የአማርኛ መምህር።”

“እሰይ። ግራኝ ናቸው?”

“አይ፣ በቀኙ ነው የሚጽፈው።”

ትንሽ ግራ ገባቸው። “አበላሏ፣ ጫፏ በጽሕፈት ያለቀችበት ጎን፣ የግራኝ ይመስላል። እንግዲያው ይሄም ሲወድቅ የተጎዳ ነው፣ እናስተካክለዋለን።”

ሥራቸውን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ አየሁ። እኔ ብሆን በፒንሳ ይዤ በአንድ ደቂቃ አበላሸዋለሁ። እሳቸው ጫፉን ለስላሳ እንጨት ላይ አስተኝተው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይጫኑታል፣ ያነሱታል፣ በማጉያው ያዩታል፣ እንደገና ይጫኑታል። በሚጫኑበት ጊዜ አይተነፍሱም። ሰዓቱን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ጮክ ብሎ ሰላም ሲላቸው በቅንድባቸው ብቻ “ቆይ” አሉት፣ ሰውየውም ቆየ። ከዚያ ከማለቁ ብዛት ወረቀት የመሰለ የብርጭቆ ወረቀት አውጥተው፣ ጫፉን ብዕሩ ላይ መልሰው፣ ስምንት ቁጥር እየሠሩ በቀስታ አሻሹት። እጃቸው ሲደክም ዝም ብለው ያርፋሉ። ሰው ለሌላ ሰው ብዕር ይህን ያህል ሲጠነቀቅ አይቼ አላውቅም።

ሲጨርሱ “ሀ ለ ሐ መ” ብለው ሞከሩት። የቤተ ክህነት ተማሪ እንደነበሩ ከፊደላቸው ያስታውቃል፤ እያንዳንዱ ለብቻው ተውቦ የቆመ ነው። ቀጥለው ለእኔ ሰጡኝ። እኔ ከመዝገብ ቤት ሌላ ነገር አይታየኝምና “ጉዳዩ፦ መረጃ ስለመስጠት” ብዬ ጻፍኩ። ብዕሩ ድምፅ የለውም። አመስግኛቸው እየበረርኩ ወደ ቤት ሄድኩ።

ደርሼ ስሰጠው ገና አምስት ሰዓት አልሆነም፣ ብርሃኑም አልሸሸም። “ሞክሬዋለሁ አባዬ፣ እንዴት እንደሚጽፍ ብታይ!” አልኩት። ተቀመጠ። አንድ ቃል ጀመረ። ቧጠጠ። ከበፊቱ ይብስ ወረቀቱን ቦጨቀው።

“አንቺ ስትሞክሪው ጽፏል?” አለኝ።

“ወላሂ ጽፏል።”

“ሰዓት ሠሪውም ጽፈውበታል?”

“አዎ።”

“እንግዲያው ብዕሩ ደህና ነው።” ክዳኑን አጠበቀ፣ አሮጌውንም አዲሱንም ደብተር ዘጋ፣ ጨርቅ አለበሳቸው። በዚያን ጊዜ እኔም አመንኩ። ብዕሩ ተሠርቷል፣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ታዲያ ምን ቀረ? የአባቴ እጅ ነው። እንደዚያ ሳስብ ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ብዕሩን መጣሌን መንገሩም ከዚህ በኋላ ምንም የማይፈይድ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ሦስት ሰዓት ሲሆን ጠረጴዛው ጋ አይሄድም። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል።

ብዕሩ እምቢ ካለ ሁለት ሳምንት በሞላበት ቅዳሜ የቅሬያችን ጸሐፊ መጣ። ቅሬ በእኛ አገር ለቀብርም ለችግርም የሰፈር ሰው የሚደርስበት ማኅበር ነው። ሽማግሌዎች “ተስማምቻለሁ” ብለው በእጃቸው የሚፈርሙበት ወረቀት ይዟል። የጸሐፊው እስክሪብቶ ነጠፈ፣ አራገፈው፣ እምቢ አለ። አባቴ መሳቢያውን በዳሰሳ ከፍቶ ያገኘውን አነሳ፤ የቀለም ብዕሩን። “አባዬ ተወው፣ ሌላ ላምጣልህ” ልል አፌን ስከፍት ጻፈ። “ተስማምቻለሁ” አለ፣ ሙሉ ስሙን ጨመረ፣ ፈረመ። አንድም ጊዜ አልቧጠጠም። የመምህርነት ዘመን ጽሕፈቱ ነው፣ ምንም አልጎደለውም።

ጸሐፊው አመስግኖ ወጣ። ብዕሩን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁና ጋዜጣ ላይ አንድ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ አሰመርኩ። ዝም። ከቀኝ ወደ ግራ አሰመርኩ። ቧጠጠ። ደገምኩት። ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ወደ ግራ አይሄድም። ነጠላዬን አንስቼ ጫማዬን እንኳ በወጉ ሳላስር ወጣሁ።

ሰኞ ገበያ እስክደርስ ትንፋሼ አልቆ ነበር። “ጋሼ፣ ወደ ግራ አይሄድም!” አልኳቸው።

“ወደ ግራ ማን ይጽፋል?” አሉ፣ ሥራቸውን ሳያቆሙ።

“አባቴ።”

“የአማርኛ መምህር ናቸው አላልሽኝም?”

“በዚህ ብዕር የሚጽፈው በዐረብኛ ፊደል ነው።”

ማጉያውን ከዓይናቸው አወለቁ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ያየሁት ያኔ ነው። “የማርያም ያለህ!” አሉ። “ያ የግራኝ ነው ያልኩት አበላል! ጉዳት እኮ አልነበረም። እሳቸው በዕድሜ ልካቸው የሠሩት መንገድ ነው፣ እኔ ደመሰስኩት። ጥርሷም ወደ አንድ ወገን ትንሽ ከፍ ብላ ቀርታለች ማለት ነው፤ በአማርኛ ስሞክራት ተደበቀችብኝ።” ግንባራቸውን መቱ። “ምን ይጽፋሉ ብዬ አልጠየቅሁ፣ አንቺም አልነገርሽኝ። አንቺም እኔም ጽሕፈት ከግራ የሚጀምር ብቻ ይመስለናል። ነይ፣ እንሂድ።”

“ወዴት?”

“ሰውየው ሲጽፉ ሳላይ ሁለተኛ አልነካትም።”

ቅዳሜ፣ ገበያው በደራበት ሰዓት፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቃቸው ሱቃቸውን ቆለፉ። መሣሪያቸውን በቆርቆሮ ሣጥን ይዘው ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። መንገዱን ሁሉ የሚያጉረመርሙት በራሳቸው ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሲማሩ ብዕር የሚቀርጹት ከመቃ እንደነበር፣ የኔታም መጀመሪያ “እስቲ ጻፍ” ብለው የልጁን እጅ ሳያዩ ለማንም መቃ ቀርጸው እንደማያውቁ ነገሩኝ። “ይህን ረስቼ ነው” አሉ። ስለ አንዲት ጥርስ እንደዚያ የሚቆጩ ሰው አጠገብ ተቀምጬ፣ ለአባቴ ሳልነግረው ያለፉትን ቀናት በጣቴ ቆጠርኩ።

“አሰላሙ አለይኩም” ብለው ገቡ። “ወአለይኩም ሰላም፣ ደህና ነዎት? እግዚአብሔር ይመስገን” አለ አባቴ ከመቀመጫው ተነስቶ። ማን እንደሆኑ ነገርኩት።

“እጄ ነው ወንድሜ” አላቸው። “ብዕሩን አይድከሙበት።”

“እጅዎን ለማየት እኮ ነው የመጣሁት። እስቲ ይጻፉልኝ።”

አባቴ እንግዳ ማስቀየም ስለማይወድ ጻፈ። ሽማግሌው መሬት ላይ በርከክ ብለው ዓይናቸውን ከጠረጴዛው ጋር አስተካከሉና የብዕሩን አያያዝ፣ የእጁን ዘንበል ማለት፣ ብዕሩ የሚይዝበትን ቦታ ተከታተሉ። ቆዩ። “እንዲህ መሆን የጀመረው መቼ ነው?”

“የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ቅዳሜ። በድንገት ነው እጄ የከዳኝ።”

“ከወደቀ በኋላ ማለት ነው።”

“ምን ወደቀ?” አለ አባቴ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። ባጃጅ ውስጥ ላስጠነቅቃቸው አስቤ አፍሬ ትቼው ነበር። “አባዬ፣ ብዕሩን ወስጄው ነበር” አልኩ። ሹመቱን፣ ፊርማውን፣ ሲሚንቶውን፣ መሳቢያ ውስጥ መልሼ መክተቴን፣ በሩ ላይ ቆሜ ማየቴን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሲናደድ እንዴት እንደሚሆን ስለማውቅ ጠበቅሁ።

“ወድቆ ነበር?” አለ።

“አዎ።”

“ከቅዳሜው በፊት?”

“ጁምዓ ዕለት።”

“እና እጄ…”

“እጅህ ምንም አልሆነም አባዬ።”

እጁን ከፈተ፣ ጨበጠ፣ ከፈተ። “አልሃምዱሊላህ” አለና ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። “ሰምተዋል ወንድሜ? እጄ ደህና ነው!” ይላቸዋል። አንድም የቁጣ ቃል አልወጣውም። ቢሰድበኝ፣ ከቤቴ ውጪልኝ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ እጁን ከነሕይወቱ ቀብሮ እንደተቀመጠ የገባኝ ያን ሳቅ ሳየው ነው።

ሽማግሌው አልሳቁም፣ ወደ ሥራቸው ገብተዋል። መስኮቱ ሥር ሣጥናቸውን ከፍተው ጥርሷን እንደገና አስተካከሉ። አንድ ጊዜ ያሻሹና ለአባቴ ይሰጡታል፣ አባቴ አንድ መስመር ይጽፋል። “አሁንስ?” “ወደ ታች ስስበው ትንሽ ያዝ ያደርጋል።” ይቀበሉታል። “አሁንስ?” “ወደ ግራ ስገፋው ሄደልኝ፣ መታጠፊያው ላይ ግን…” ይቀበሉታል። አንዱ በዓይኑ የማያየውን በእጁ ይናገራል፣ ሌላው የማያነበውን ጽሑፍ በዓይኑ ይከተላል። ምሳ አቅርቤ ቀዘቀዘ። የአስር ሶላት ሊሰገድ ሲቃረብ አባቴ ሙሉ መስመር አንዴም ሳይቧጥጥበት ጻፈ። ሌላ መስመር ጨመረ። ሽማግሌው ከወለሉ ላይ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ።

አባቴ ምን ላድርግልዎ ቢላቸው፣ “የጻፉትን ያንብቡልኝ” አሉት። ከአያቴ መንዙማ አንድ ቤት አነበበላቸው፣ ዜማውንም አልተወውም። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ለካ ዛሬ በዐረብኛ ፊደል ሲጻፍ ያየሁት ሁሉ አማርኛ ነበር እያሉ እየተገረሙ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ጠዋት ጠዋት ጻፈ። ዓይኑ ግን እነዚያን ሁለት ሳምንታት አልጠበቀውም። ያን ጊዜ የበላሁበት እኔ ነኝ፤ አባቴ አንድም ቀን አላነሳብኝም፣ እኔ ነኝ የምቆጥረው። ዘጠኝ ቅጠል ጨረሰ። አሥረኛውን እየታገለ ጨረሰ። በመጨረሻው ቅጠል ላይ ቆም ብዬ ሳይ ሁለት መስመሮች አንዱ በሌላው ላይ ተጽፈዋል። ይህን ጊዜ ዝም አላልኩም።

“አባዬ፣ መስመሩ ተደራርቧል።”

“ከየት ጀምሮ?”

“ከሁለተኛው።”

ብዕሩን አስቀመጠ። “የአባቴን ጽሑፍ በማጉያ መስታወቴ አንድ አንድ ቃል አገኘዋለሁ” አለ። “እሱን ትቼ ወደዚህኛው ስመለስ ነው መንገዱ የሚጠፋኝ።” ከዚያ ብዕሩን በጀርባው በኩል ወደ እኔ ዘረጋው። “ያዢ።”

“እኔ አጀሚ አልችልም እኮ።”

“በምትችዪው ጻፊ። አማርኛ አይደል እንዴ?”

ብዕሩን በፈቃድ ስይዘው የመጀመሪያዬ ነበር። አንድ ቅጠል ሦስት ጠዋት ፈጀብን። እሱ ደብተሩን ፀሐይ ላይ ዘርግቶ፣ ማጉያውን ጨብጦ፣ ቃል በቃል ያወጣል፤ እኔ በእኛው ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ እጽፋለሁ። አንዳንዱን ቃል ሩብ ሰዓት ይታገለዋል። ሲይዘው ፊቱ ይበራል። ገምቶ ማለፍ ይችል ነበር፣ ማንም አያውቅበትም፤ እርግጠኛ ሳይሆን ግን አንዲት ቃል አልሰጠኝም። በመምህርነቱ ስንት ልጅ እንዳስተማረ አላውቅም፤ በዚያ ሦስት ጠዋት ግን እኔ ተማሪው በመሆኔ ኮራሁ።

የመጨረሻዋ መስመር ላይ አያቴ ደብተራቸውን በዱዓ ዘግተዋል። አባቴ ማጉያውን እዚያ ላይ አቁሞ ረጅም ጊዜ ቆየ።

“‘ያ ረቢ’ በዪ” አለኝ። ጻፍኩ።

“‘ይህን የጻፈችውን ማራት።’”

ብዕሩን ከወረቀቱ አነሳሁ። “የጻፈችውን?”

“አዎ።”

“አባዬ፣ የጻፉት እኮ አያቴ ናቸው። ወንድ ናቸው።”

ቀና አላለም። “እንዲህ ነው የሚለው” አለ። “ካላመንሽኝ ሌላ የሚያነብ ሰው ፈልጊና አስነብቢው።”

ያንን ደብተር የሚያነብ ሌላ ሰው እንደሌለ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። እንባዬ ቀለሙን እንዳያበላሸው ደብተሩን ከፊቴ ራቅ አድርጌ እንዳለኝ ጻፍኩት።